ጣሪያውን የሚጠግነው ማነው? ስለ ቤት ኪራይ ታሪካችን፣ እኔም ስለፈረምኩት ውሸት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ወዳጆቼ። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ወሬው ሁሉ ቤት ኪራይ ነው። አንዱ ተጨመረበት፣ አንዷ ውጪ ተባለች፣ ሌላው ደላላ ጋር ሲዞር ክፍለ ጊዜ አለፈበት። በቀደም አንድ የሒሳብ መምህር ወደኔ ዞሮ "አንተ የታሪክ ሰው አይደለህ እንዴ? ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?" አለኝ። እዚያው መመለስ አልቻልኩም። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን መልሱ ግማሹ መጽሐፍ ውስጥ፣ ግማሹ አያቴ ቤት፣ የቀረው ደግሞ እኔው የፈረምኩት ወረቀት ላይ ሆኖ አገኘሁት። ሦስቱንም ልንገራችሁ።

ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ የቤት ታሪክ ነው። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ በምህጻረ ቃል "ኢንቺስ" ይባላል። "ካዜ ኢንቺስ" ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጣልያን ሄደ፣ ስሙ በኛ አፍ ተጠቅልሎ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። የኛ ቤት ግን ከነዚያ ቪላዎች አንዱ እንዳይመስላችሁ። ከጀርባ ያለች፣ ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ናት።

ከዚያ በፊት የነበረውን በአጭሩ ልበል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቱ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆች በየሰፈሩ ተደለደለ። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ እያልን እስከዛሬ የምንጠራቸው ስሞች የዚያ ድልድል አሻራ ናቸው። ከየጠቅላይ ግዛቱ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ ግን መሬት አልነበረውምና ያለው አማራጭ መከራየት ነበር። አያቴም እንዲሁ ነው የመጣችው። ሁለቱን ክፍል ተከራየች።

የቤቱ ባለቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። አያቴ "እትዬ" ትላቸዋለች። ውል የሚባል ነገር አልተጻፈም። ቃል ነበር፣ ምስክርም ጎረቤት ነበር። አያቴ ስታወራ ሁለት ነገር ትደጋግም ነበር። አንደኛው፣ እትዬ ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ሰው ልከው ጣሪያውን ያስዩ ነበር። የዛገ ቆርቆሮ ካለ ይቀየራል፣ የለቀቀ ሚስማር ይመታል። ሁለተኛው፣ እኒሁ እትዬ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው "ከሚመጣው ወር 14 ብር ነው" አሏት፤ እስከዚያ 11 ነበር። ለምን ብሎ መጠየቅ አልነበረም። እንግዲህ የድሮው ዘመን ደግ ነበር ለሚሉኝም፣ ክፉ ነበር ለሚሉኝም ይቺን ነው የምነግራቸው። ጣሪያ የሚያስጠግነው እጅና ኪራይ የሚጨምረው አፍ የአንድ ሰው ነበሩ።

በዚያ ዘመን ሕግ አልነበረም እንዳትሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ ብቻ የሚናገር ክፍል አለው። አከራይ ምን ያድሳል፣ ተከራይ ምን ያድሳል፣ ሁሉም ተጽፏል። ችግሩ አያቴ ማንበብ አትችልም፣ እትዬም ቢሆኑ የሚያነቡት ዳዊት ነው። ሕጉ በመጽሐፍ፣ ኪራዩ በቃል፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ኖሩ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ታወጀ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የከተማው ሆነ፤ ሰው ሁሉ "የትርፍ ቤት አዋጅ" የሚለው አዋጅ ቁጥር 47/1967። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው አንድ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ የቀረው ትርፍ ቤት ተባለና ተወረሰ። ግለሰብ ለግለሰብ ቤት ማከራየቱ ቀረ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ለምንለው ድርጅት ተላለፉ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ትልቁ ቅናሽ የተሰጠው ትንሽ ለሚከፍለው ነው፣ እስከ ግማሽ ድረስ። የአያቴ 14 ብር 7 ብር ሆነ።

ክፍል ውስጥ ይሄን ሳስተምር ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ በዚያ ቀን ያለቀሰው ማነው፣ እልል ያለውስ? አያቴ ሁለቱንም አድርጌአለሁ ትል ነበር። ሰባት ብር ሲቀነስላት እልል አለች። ማታ ደግሞ እትዬ ቤት ገብታ አብራቸው አለቀሰች። እትዬ በዚያችው በሚኖሩባት ቤት ቀሩ፣ አያቴም በሁለቱ ክፍሎች ቀረች። አንድ ግቢ ውስጥ የቀድሞ አከራይና የቀድሞ ተከራይ ዕድሜ ልካቸውን በረንዳ ለበረንዳ ተያይተው ኖሩ። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ከአያቴ ቤት ወደ እትዬ ቤት ይሄድ ነበር፤ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጣሪያው ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ሰባት ብሩ ለአሥርት ዓመታት ሰባት ብር ሆኖ ቆየ። እኔ ትምህርት ቤት ስገባም ሰባት ብር ነበር፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣም ሰባት ብር ነበር። አያቴ የቀበሌውን ደረሰኝ ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። "ይሄ ነው ቤቴ" ትላለች ቆርቆሮውን እያሳየች። ጣሪያው ግን ማርጀት አያቆምም። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋ እዚህ፣ ባልዲ እዚያ፣ ጆግ አልጋው ራስጌ። ማታ የጠብታውን ድምፅ እየቆጠርኩ ነው ያደግሁት። አያቴ ቀበሌ ትሄዳለች፣ "ለጥገና በጀት የለም እማማ" ትባላለች። ራሴ ላስጠግነው ስትል "ያለ ፈቃድ እንዳይነካ" ትባላለች። እትዬ ከበረንዳቸው ሆነው ያያሉ። አንድ ጊዜ "እኔ ብሆን እኮ ከሰኔ በፊት አስጠግንልሽ ነበር" አሏት። አያቴም "እርስዎ ቢሆኑ ደግሞ ሰባት ብር አልከፍልም ነበር" አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ሳስበው የኪራይ ታሪካችን በዚያች የሁለት አሮጊቶች ንግግር ውስጥ አለ። አዋጁ የኪራዩን ዋጋ ለወጠ፣ ባለቤቱንም ለወጠ። ጣሪያውን ማን ይጠግናል የሚለውን ግን በተግባር ሳይመልሰው አለፈ። ድሮ ግዴታውን የሚያውቅ፣ ግን ማንም የማያስቆመው አከራይ ነበረ። በኋላ ዋጋ የማይጨምር፣ ግን ግዴታውን የማይወጣ አከራይ መጣ። በሁለቱም ዘመን የተከራከርነው በብሩ ላይ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ በይፋ ተመለሰ። ድሮም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ በየቀበሌ ቤቱ "ደባል" እየተባለ ተሸሽጎ ይኖር የነበረው ሁሉ ተከራይ ነው። የተወረሱት ቤቶች ግን አልተመለሱም፤ በመንግሥት እጅ እንዳሉ ቀጠሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኮንዶሚኒየም ተጀመረ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እያልን ቆጠብን። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ግን አልገባበትም። የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ሲል ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት የተከራየ ስንት ሰው አለ! አከራይም ተከራይም የሆነ ሰው በታሪካችን ብዙ ያፈራነው ያኔ ነው። በእትዬ ዘመን አከራይ ማለት ባለ ርስት ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ እንደኔው ደሞዝተኛ ነው።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2012 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከለከለ። ለጊዜው ነበር፣ አለፈ። ቋሚው የመጣው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ባጭሩ እንዲህ ይላል። ውል በጽሑፍ ይሁን። በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን። ጭማሪ ደግሞ አከራይ በፈለገ ጊዜ ሳይሆን በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ይሁን።

እልል አልኩ፣ እንደ አያቴ። እሷም ያለቀሰችበት ማታ እንደነበራት ግን ረስቼ ነበር።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። ከባለቤቴና ከልጃችን ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው የምንኖረው። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ምዝገባው ሲመጣ ደወሉልኝና "ልጄ፣ ግብሩ ይገድለኛል። የባንኩንም ገና አልጨረስኩም። ወረቀቱ ላይ 5,000 እንበል፣ አንተ እንደ በፊቱ 8,000 ትሰጠኛለህ" አሉኝ። እኔም ቤት ላለማጣት ብዬ እሺ አልኩ። አምስቱ ሺህ በባንክ፣ ሦስቱ ሺህ በእጅ። ወረዳ ሄደን ተሰልፈን ፈረምን። ክፍል ውስጥ ሰነድ እንዴት ይመረመራል፣ የትኛው ምንጭ ይታመናል እያልኩ የማስተምረው ሰውዬ የሐሰት ሰነድ ፈርሜ ወጣሁ። ነገ አንድ ሰው ስለዘመናችን የቤት ኪራይ ታሪክ ልጻፍ ብሎ የወረዳውን መዝገብ ቢገልጥ 5,000 ብሎ ያምነኛል።

ስምንት ወር በሰላም ኖርን። ከዚያ ከታች ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤት መጥተው በሩን አንኳኩ። ከኛ ቤት የሚወርድ ውሃ የኩሽናቸውን ጣሪያ አበስብሶታል። የቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። ሁለት ችግር ነው አለኝ። አንደኛው የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ራሱ ተበላሽቶ ያንጠባጥባል። ሁለተኛው ግድግዳ ውስጥ ያለው መስመር አርጅቶ ተሰንጥቋል፤ ሴራሚኩ መነሳት አለበት። እኔ ለባለቤቷ ደውዬ "ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ያሠሩ" አልኩ። እሳቸው "የምትኖርበት አንተ፣ የምትከፍተው የምትዘጋው አንተ፤ እኔ ምን አገባኝ?" አሉ። ተካረርን። በመጨረሻ "እንደውም ልጄ ሊያገባ ነው፣ በወር መጨረሻ ቤቴን ልቀቅልኝ" አሉ። የማያውቀው የለም፤ ይቺ "ልጄ ሊያገባ ነው" የስንቱን ተከራይ ዕቃ አስጭናለች።

ያን ማታ ያንን የ1952ቱን ሕግ አወጣሁ። አሸናፊ ሆኜ ልወጣ ነበር የከፈትኩት። እንዲህ ይላል በኔ አባባል፤ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር በር፣ መስኮት፣ ወለል፣ የውሃ መክፈቻና የመሳሰለው በአጠቃቀም ምክንያት ሲበላሽ ጥገናው የተከራዩ ነው። በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ነገር የተበላሸው ግን የተከራዩ አይደለም። የጉድጓድና የፍሳሽ መስመር ማስጠረግም የአከራዩ ነው። እንግዲህ አያችሁ፣ ቧንቧው የኔ ነበር። ልጄ እየተንጠለጠለባት ነው የላላችው፣ አውቀዋለሁ። ግድግዳው ውስጥ ያለው የሳቸው ነበር። ሁለታችንም ግማሽ ልክ፣ ግማሽ ጥፋተኛ።

ባለቤቴ ሌላ ነገር አየች። "ወረቀቱ 5,000 አይደል የሚለው? ሁለት ዓመትም አልሞላም። ከዛሬ ጀምሮ 5,000 ብቻ በባንክ አስገባላት። ሄዳ ትክሰስ እስኪ!" አለችኝ። እውነቷን ነው። በወረቀቱ ብቻ ከሄድን ማንም ሦስት ሺህ ብር ጨምር ሊለኝ አይችልም ነበር። በወር ሦስት ሺህ ለኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የልጃችን ትምህርት ቤት ክፍያና የወር ታክሲ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያንን ባደርግ ሕጉ ከኔ ጋር ሊቆም ይችል ነበር፣ ግን በራሴ ውሸት ላይ ቆሜ ነው። ቃል ሰጥቻለሁ። ደግሞም እኔ ተበደልኩ ብዬ ወረዳ ብሄድ መጀመሪያ የሚጋለጠው የሁለታችን ፊርማ ነው። ያቺ ወረቀት እንድትጠብቀኝ የወጣች ነበረች። እኔ ራሴ ነኝ ጥርሷን ያወለቅኳት።

በሳምንቱ የብሎካችንን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሽማግሌ ይዤ እሳቸው ቤት ሄድኩ። የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ተዳብለው በአንድ ክፍል ነው። ይህን አላውቅም ነበር። ቡና ተፈላ። የሕጉን ክፍል አነበብኩላቸው፣ የኔን ጥፋት አስቀድሜ። "ቧንቧው የኔ ነው፣ እከፍላለሁ። መስመሩ የእርስዎ ነው። ኪራዩን ግን እውነተኛውን እንጻፍ። 8,000። እኔ በወረቀቱ 5,000 ልከፍል እችል ነበር፣ አላደርገውም። እርስዎም ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ውጣ አይበሉኝ።" ዝም አሉ። ግብሩን አነሱ፣ አዘኑ። እንባቸውንም አየሁ፣ እውነት ለመናገር ደስ አይልም። ሽማግሌው "ግብሩ የርስዎ ነው፣ የሱ ዕዳ ደግሞ ቤቱን መጠበቅ ነው" ብለው ዘጉት። አዲስ ውል ተጻፈ። ሙሉው ብር በባንክ ይገባል። ማን ምን ያሳድሳል የሚለውን በአንድ ገጽ ዘርዝረን ሦስታችንም ፈረምንበት። ከታች ላሉት ጎረቤት ጣሪያቸውን ያስቀባነው በጋራ ነው።

ባለቤቴ እስካሁን "ሞኝ ነህ" ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። በዓመት 36,000 ብር የሚያወጣ ሞኝነት ነው፣ አስልታዋለች።

ከዚህ ያተረፍኩትን ለምትከራዩም ለምታከራዩም ላስቀምጥ፤

1. የምትከፍሉትንና የምትቀበሉትን እውነተኛ ብር ጻፉ። የተቀነሰ ዋጋ የጻፈ ውል ዛሬ አንዱን ይጠቅማል፣ ጠብ ሲመጣ ሁለቱንም ያስፈራል።

2. ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት አብራችሁ ቤቱን ዙሩ። በሩን፣ መስታወቱን፣ ቧንቧውን፣ ሶኬቱን እያያችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብም ያዙ። ያልተከፈለ ውዝፍ ሂሳብ የማን እንደሆነ ያኔ ነው የሚለየው።

3. ጥገናን በስም ከፋፍላችሁ ጻፉ። በአጠቃቀም የሚበላሸው የተከራይ፣ በእርጅና የሚበላሸውና የቤቱ ዋና አካል የአከራይ። የኮንዶሚኒየም የጋራ መዋጮ፣ የጥበቃና የጽዳት ማን ይከፍላል የሚለውም ይግባ።

4. ተከራይ ሆይ፣ ብልሽት ስታይ ወዲያው ተናገር፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ዝም ብለህ ከቆየህና ከባሰ ጥፋቱ ወደ አንተም ይመጣል። ግድግዳ መቅደድ፣ ክፍል መከፋፈል፣ ለሌላ ማከራየት ደግሞ ባለቤቱን ሳታስፈቅድ አይሆንም።

5. አከራይ ሆይ፣ ቤቱን ካከራየህ በኋላ የተከራዩ መኖሪያ ነው። ቁልፍ አለኝ ተብሎ ሰው በሌለበት አይገባም። መብራትና ውሃ ቆርጦ ማስወጣትም ነውር ነው።

6. በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፣ በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኝ አስቀምጡ።

አያቴ ዛሬ የለችም። እትዬም የሉም። የግቢያችንም ቦታ ፈርሷል፤ በቅርቡ ሄጄ የት ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ። የብስኩት ቆርቆሮው ግን እኔ ጋ ነው። የሰባት ብር ደረሰኞቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ሁሉም ላይ ማህተም አለ። አንዱም ላይ ግን ስለ ጣሪያው የተጻፈ የለም። አዲሱን ውሌን እዚያው ከነሱ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ለሒሳብ መምህሩ መልሴ እንግዲህ ይሄ ነው። በመጽሐፉ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፏል። እኛ ግን ገና ማንበብ መጀመራችን ነው።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ የሚያፈሰውን የሚያስጠግነው ማነው? አከራይም ተከራይም የሆናችሁ፣ የደረሰባችሁን ጻፉልኝ፤ አነበዋለሁ። ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አጋሩት። ቸር ሰንብቱ።